የከተማ ወንዝ ለዋና የሚሆነው መቼ ነው? የውሃውን ሙቀት ከወቅት ወቅት የመከታተያ ዝርዝር መመሪያ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ስለ ሰው ነው። በከተማ መካከል በሚያልፍ ወንዝ መዋኘት ለሚወድ ሰው ግን አባባሉ ፈሊጥ መሆኑ ይቀርና እንዳለ እውነት ይሆናል። ወንዝ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቀው ብርዱ ባለፈ ማግስት በሚመጣው የመጀመሪያ ሞቃት ቀን ነው። አየሩ 27 ዲግሪ ደርሷል፣ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል፣ ውሃው በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ የውሃው ሙቀት ግን ገና 11 ዲግሪ ነው። እኔ እንዲህ ባለ ቀን ከድንጋይ ደረጃ ላይ ዘልዬ ገብቻለሁ። ደረቴ በብረት ቀለበት የታሰረ ያህል ተጨመቀ፤ ዳር ላይ የቆመውን ወንድሜን ለመጥራት አፌን ብከፍት ስሙ አልወጣልኝም። ደረጃው ቅርብ ስለነበር ወጣሁ። በሳምንቱ ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምታዘዘው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ቁጥር ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ጉዳይ። በአማርኛ ክረምት ሲባል ዝናብ ይታሰባል፤ በትርጉም መጻሕፍት ደግሞ ቃሉ በረዶ ለሚጥልበት ወቅት ይውላል። መምታታት እንዳይፈጠር እዚህ የብርድ ወራት፣ የሙቀት ወራትና የዝናብ ቀናት እያልኩ እጽፋለሁ። ወር ስጠራም ለሰሜኑ የምድር ክፍል ነው፤ በደቡቡ ይገለበጣል። ዲግሪው ሁሉ ሴልሺየስ ነው።

1. ወንዙ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

ሁለት ወንዞች በአንድ ዓይነት ሰማይ ሥር ሆነው አምስትና ስድስት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው መነሻቸው ነው።

ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ በሙቀት ወራት ይመቻል፤ ወደ እሱ የሚፈሰው በፀሐይ የሞቀው የሐይቁ የላይኛው ውሃ ነውና። በስዊዘርላንድ የበርን ከተማን ከብቦ የሚያልፈው አሬ ከቱን ሐይቅ ስለሚወጣ፣ በጥሩ የሐምሌና የነሐሴ ቀናት 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በጥርና በየካቲት ግን ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። የሐይቅ ወንዝ አንድ ክፉ አመል አለው። ጠንካራ ነፋስ ሞቃቱን የሐይቅ ሽፋን ወደ ሌላው ዳር ከገፋው፣ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ተተክቶ ይወጣል፤ ትናንት ሲያዝናናዎት የነበረው ወንዝ ዛሬ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ከበረዷማ ተራራ የሚወርድ ወንዝ ደግሞ ነገሩ ግልብጥ ነው። ቀኑ በሞቀ ቁጥር በረዶው ይቀልጣል፤ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ወንዙ ይሞላል፣ ይፈጥናል፣ ይቀዘቅዛል። ከአልፕስ ተራሮች ወርዶ ሙኒክን የሚያቋርጠው ኢዛር ሰው በላብ በሚጠመቅበት ቀን እንኳ እግር ሊያደነዝዝ ይችላል።

ከከተማው በላይ ትልቅ ግድብ ካለ ውሃው የሚለቀቀው ከየት እንደሆነ ይጠይቁ። ከግድቡ ታች የሚለቀቅ ውሃ ፀሐይ አላየም፤ በሙቀት ወራትም እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ከዚህም በላይ የኃይል ማመንጫው ሥራ ሲጀምር መጠኑ በድንገት ሊጨምር ይችላል፤ እንዲህ ባለ ወንዝ ውስጥ የግድቡን የመልቀቂያ ሰዓት ሳላውቅ እግሬን አልነክርም።

ከዋናው ወንዝ የተነጠለ፣ የረጋ ክንድም አለ። የቪየናው «አሮጌው ዳኑብ» በ19ኛው መቶ ዘመን ወንዙ ሲስተካከል ከዋናው ፍሰት ተቆርጦ የቀረ ነው። ውሃው ስለማይሮጥ ከዋናው ዳኑብ ይልቅ በቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ሰው ወንዝ ይበለው እንጂ ጠባዩ የሐይቅ ነው።

2. ሙቀቱን ራስዎ ይለኩ

ብዙ ከተሞች የመለኪያ ጣቢያ አላቸው። የስዊዘርላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ የወንዞቹን መረጃ በየ10 ደቂቃው በኢንተርኔት ያወጣል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ካለ ይጠቀሙበት፤ ሆኖም ጣቢያው እርስዎ ከሚገቡበት ቦታ በላይ ወይም በታች መሆኑን ይመልከቱ። በመካከሉ ቀዝቃዛ ገባር ከተቀላቀለ ቁጥሩ የሌላ ወንዝ ነው ማለት ይቻላል።

ጣቢያ ከሌለ የሚያስፈልገው ገመድ የታሰረበት ቴርሞሜትር፣ አንድ ባልዲና ደብተር ነው። ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ ይፈትኑት። የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተው ቀዝቃዛ ውሃ ያፍሱበት፣ ያማስሉት፣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። 0 ማሳየት አለበት። አንድ ዲግሪ ከፍ ካደረገ ቴርሞሜትሩን መጣል አያስፈልግም፤ ከሚያነቡት ሁሉ አንድ ይቀንሱ።

ዳር ላይ ባለ ኩሬ መሰል ጥግ መለካት የተለመደ ስሕተት ነው። እዚያ ውሃው ቆሞ ስለሚሞቅ ከመካከሉ ሁለት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ባልዲውን ከድልድይ ወይም ከመድረክ ወደሚፈስሰው ውሃ ያውርዱ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት፣ ሞልተው ያውጡና ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ያንብቡ። በክፍት ውሃ የዋና ውድድር ሙቀቱ የሚለካው በመስመሩ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነው፤ ባልዲዎም ከዚያ ጥልቀት ቢቀዳ ጥሩ ነው። የሚሮጥ ወንዝ ውሃውን ስለሚያማስለው ላዩና ታቹ ብዙ አይለያዩም። ሐይቅ ውስጥ ግን ሁለት ሜትር ወርደው ሌላ ዓለም ያገኛሉ።

ሰዓቱም ይቆጠራል። ወንዝ በቀን ውስጥ በጣም የሚቀዘቅዘው ፀሐይ በወጣችበት አካባቢ፣ በጣም የሚሞቀው ደግሞ ከቀትር በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይለኩ፤ ሁለት ጊዜ መለካት ከቻሉ ጠዋትና ማታ ይሁን። የደብተር ገጽ ይህን ይመስላል፦

ሚያዝያ 20፣ ጠዋት 1 ሰዓት። አየር 9፣ ውሃ 10.5። ጥርት ያለ።
ሚያዝያ 20፣ ከሰዓት 11 ሰዓት። አየር 24፣ ውሃ 11.8።
ሚያዝያ 23፣ ጠዋት 1 ሰዓት። አየር 12፣ ውሃ 10.1። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ደፍርሷል፤ ሦስተኛው የድንጋይ ደረጃ ተሸፍኗል።

የመጨረሻውን ሐረግ ልብ ይበሉ። የድንጋይ ደረጃ፣ የድልድይ ምሰሶ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የዛፍ ሥር፤ የማይንቀሳቀስ ማንኛውም ነገር የውሃ ከፍታ መለኪያ ይሆናል። ከቴርሞሜትሩ እኩል ይጠቅማል።

3. የዓመቱን ዙር ያንብቡ

አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ያው መጠን ያለውን አየር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ3,000 እጥፍ ይበልጣል። ወንዝ ከሰማይ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። ቀኑ ከሁሉ የሚረዝመው በሰኔ አጋማሽ ነው፤ ውሃው ግን ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ የሚደርሰው ወር ያህል ቆይቶ፣ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው።

ከዚህ መዘግየት አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። በሚያዝያና በመስከረም ሁለት እኩል የሚሞቁ ቀናት ቢገጥሙዎት፣ አየሩ በሁለቱም 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚያዝያው ወንዝ 10፣ የመስከረሙ 17 ሊሆን ይችላል። ሰው ግን በሚያዝያ ይጎርፋል፣ በመስከረም ቤቱ ይገባል። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ሙቀቱ ተሰናብቶ ሰዉ ሲበተን ነው። ጠዋት ጠዋት ከውሃው ላይ እንፋሎት መሰል ጉም ሲነሳ ካዩ ውሃው ከአየሩ ይልቅ ሞቃት መሆኑን ወንዙ ራሱ እየነገረዎት ነው።

በጣም በሚሞቁና ዝናብ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ውሃው ይቀንሳል፣ ፍሰቱ ይደክማል፣ በረጋው ጥግ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ሽፋን ሊታይ ይችላል። ይህ መርዛማ ሊሆን የሚችል የባክቴሪያ ዓይነት ነው፤ ውሻም ቢሆን እንዲጠጣው አይፍቀዱ።

4. ቁጥሩን ወደ ሰውነት ይተርጉሙት

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ይወስዳል። በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሸሚዝ የሚቀመጥ ሰው በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል።

ከ22 ዲግሪ በላይ ጤነኛ ሰው እንደ ልቡ ይዋኛል። ከ18 እስከ 22 ሲገቡ ያሸማቅቃል፣ ከዚያ ይለመዳል። ከ18 በታች ቀጭን ሰውና ሕፃን ቶሎ ይንቀጠቀጣሉ። በዓለም አቀፍ የክፍት ውሃ ውድድር ውሃው ከ16 ዲግሪ ከወረደ ውድድር አይካሄድም፤ ከ31 በላይም እንዲሁ። እነዚያ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠለጠኑ ናቸው፤ የእኛ ገደብ ከእነሱ ቢጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባም።

ከ15 በታች ያለውን ለብቻው አነሣዋለሁ። ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይመስለዋል። የመጀመሪያው አደጋ ግን የሚመጣው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ቆዳ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይፈልግ አንድ ትልቅ አየር ይስባል፤ አፉ በዚያች ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይንራል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ለቀዘቀዘ ውሃ የሚያስተምሩት ቀላል ቀመር አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር በሚገባ የሚታዘዙበት አሥር ደቂቃ፣ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት አንድ ሰዓት። መካከለኛውን ቁጥር ያስቡት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣት ገመድ አይጨብጥም፣ ክንድ ዋና ይረሳል። ሰው ገና ሕሊናውን ሳይስት ሊሰምጥ የሚችለው ስለዚህ ነው።

5. ፍጥነቱን በእንጨት ይለኩ

በዳርቻው 20 ሜትር በእርምጃ ለክተው ሁለት ምልክት ያድርጉ። ከላይኛው ምልክት በላይ ትንሽ እንጨት ወደ መካከሉ ይወርውሩና በሁለቱ ምልክቶች መካከል የፈጀበትን ሰከንድ ይቁጠሩ። 40 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው፤ ደህና ዋናተኛ ይቋቋመዋል። 20 ሰከንድ ከሆነ አንድ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ሰው ሽቅብ ሊዋኝበት አይችልም። 10 ሰከንድ ከሆነስ? ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ 100 ሜትር በ46.40 ሰከንድ ሲዋኝ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.15 ሜትር ገደማ ነበር። የዓለም ፈጣኑ ሰው እዚያ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ባለበት ሲታገል ይውል ነበር።

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ሰውነትን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት ወገብዎ ድረስ ቆመው ያለፉበት ቦታ ዛሬ ገና ጉልበትዎ ድረስ ሲገቡ ሊጥልዎት ይችላል።

6. ከዝናብ በኋላ ይታገሱ

በብዙ አሮጌ ከተሞች የዝናብ ጎርፍና የቤት ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላና ትርፉ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ፓሪስ ከ1923 ጀምሮ ተከልክሎ የቆየውን የሴን ወንዝ ዋና ለመመለስ 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ያወጣችው፣ በኦስተርሊትዝ ባቡር ጣቢያ አጠገብ 50,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ የገነባችው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ በ2024 ኦሊምፒክ ዝናብ ስለጣለ የወንዶቹ ትሪያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር) በአንድ ቀን ተገፍቷል። በሐምሌ 2025 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሦስት ቦታዎች ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ዛሬም ውሃው ሲበላሽ ይዘጋሉ።

እንግዲህ የእርስዎ ወንዝ እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ ከሌለው ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ቀን ይጠብቁ። የምርመራ ውጤት የሚለጠፍበት ከተማ ከሆነ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለወንዝና ለሐይቅ «እጅግ ጥሩ» የሚባለው በ100 ሚሊ ሊትር እስከ 500 የሚቆጠር ነው። ምርመራ በሌለበት ዓይን ይሠራል፦ ጉልበትዎ ድረስ ገብተው የእግር ጣቶችዎ ካልታዩ ተመልሰው ይውጡ። ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ውሃው ጥርት ቢልም አይግባ፤ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

7. መግቢያ ከመፈለግ በፊት መውጫ

ወንዝ ውስጥ በገቡበት አይወጡም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን መንገድ በዳርቻው በእግር ይሂዱ፤ የመጀመሪያውን መውጫ፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን በዓይንዎ ይያዙ። የበርን ሰዎች ከማርዚሊ መዋኛ ሽቅብ በእግር ሄደው ከወንዙ ጋር እየተንሳፈፉ ይመለሳሉ፤ በዳርቻው ቀይ የተቀቡ የብረት መያዣዎች ተተክለውላቸዋል። ከማርዚሊ ትንሽ ዝቅ ብሎ የውሃ እርከን (ወንዙን የሚያቋርጥ፣ ውሃው በላዩ ዘልሎ የሚወድቅበት ዝቅተኛ ግድብ) ስላለ የመጨረሻውን መያዣ መሳት ቀልድ አይደለም።

የውሃ እርከን ከላይ ለሚመጣ ሰው የሚታየው እንደ ለስላሳ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ውሃው ወደ ራሱ እየተመለሰ ይሽከረከራል፤ የወደቀውን ሰው፣ ግንዱን፣ ጀልባውን ይዞ ያገላብጣል። የወደቀ ዛፍም እንዲሁ ነው፦ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። መርከብ ባለበት ወንዝ ከመርከቦቹ መስመር ይራቁ። በባዝል ከተማ የራይን ዋናተኞች የሚሄዱት በቀኙ ዳር በኩል ነው፤ ልብሳቸውን ውሃ በማያስገባ የዓሣ ቅርጽ ባለው ከረጢት አድርገው ያንሳፍፉታል። ከረጢቱ ደማቅ ስለሆነ ከሩቅም ያስታያል።

መያዣውን የሚስቱ ሰዎች ሁሉ አንድ ስሕተት ይሠራሉ፦ ልክ ሲደርሱበት ነው ወደ ዳር የሚዞሩት። 30 ሜትር ሲቀር ወደ ዳር ይጠጉ። ብረቱን ሲይዙ ሰውነትዎ ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ ይዞር፤ ከዚያ እግርዎ መሬት ይፈልግ። በሚሮጥ ውሃ መካከል ግን ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር በድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ከላይ ያጎነብስዎታል። ከተወሰዱ በጀርባዎ ይተኙ፣ እግርዎ ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ፣ የእግር ጣቶችዎ ከውሃው በላይ ይሁኑ።

8. መግባት

ብቻዎን አይግቡ። አልኮል ከቀመሱ ጭራሽ አይግቡ። አይዝለሉ፤ ወንዝ ከጎርፍ በኋላ ደለሉንና ድንጋዩን ስለሚያዛውር ባለፈው ዓመት ጥልቅ የነበረው ቦታ ዘንድሮ ደረት ላይሞላ ይችላል።

እግር፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ አንገትና ፊት በውሃው ያርጥቡ። ወገብዎ ሲደርስ ቆመው ረጅም ትንፋሽ ያውጡ፤ መሳቡ ራሱ ይመጣል። ትንፋሽዎ ወደ ልኩ ሳይመለስ አንድም ክንድ አይዋኙ። ድንገት ከወደቁ ደግሞ መታገሉን ትተው በጀርባዎ ተንሳፍፈው ያችን አንድ ደቂቃ ያሳልፉ። ሙሉ ስም ጮክ ብለው መጥራት ሲችሉ መዋኘት ይችላሉ፤ ከዚያ ከወንድሜ ስም ወዲህ የእኔ መለኪያ ይኸው ነው።

9. መውጣት

የሚወጡት ሲበርድዎት ሳይሆን ብርዱ ሊጀምርዎት ሲል ነው። ከውሃ ከወጡ በኋላም የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ለበርካታ ደቂቃዎች መውረዱን ይቀጥላል። «ደህና ነኝ» ብሎ የቆመ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት የሚያዩት ለዚህ ነው። እርጥቡን ወዲያው ያውልቁ፣ መጀመሪያ ደረትዎን ያልብሱ፣ ከዚያ ኮፍያ፣ ከዚያ ሌላው። ትኩስ ነገር ይጠጡ። የፈላ ሻወር ውስጥ አይግቡ፤ ሊያዞርና ሊጥል ይችላል። መኪና ለመንዳትም መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ይጠብቁ። ጓደኛዎ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ወይም መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ፣ አምቡላንስ የሚጠራበት ሰዓት ነው።

ጣትዎ እርሳስ መያዝ ሲችል ደብተሩን ይክፈቱና ከውሃው ሙቀት ጎን ሁለት ቁጥሮች ይጨምሩ፦ ስንት ደቂቃ ቆዩ፣ መንቀጥቀጡ ስንት ደቂቃ ወሰደ። የእኔ የዛሬ መስመር «ውሃ 16.4፣ ዋና 12 ደቂቃ፣ መንቀጥቀጥ 7 ደቂቃ» ይላል።